ሮቶው መቼ ይደርቃል? የሒሳብ ፋንክሽኖችን በምህንድስና ሞዴልና በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለመጠቀም የሚረዳ መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶም ሆነ በቦሌ አራብሳ፣ ምህንድስና የተማረ ሰው ከጎረቤት በተደጋጋሚ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ውኃ ነው። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ይበቃኛል ወይስ ጨክኜ ባለ 2000 ልግዛ?» ብለው የሚጠይቁ እናት የሚፈልጉት ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የገንዘብም የኑሮም ጥያቄ ስለሆነ በግምት ብቻ ሊመለስ አይገባውም። ሞዴል መሥራትን መማር ለሚፈልግ ሰውም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም፤ ምክንያቱም በአንድ ሮቶ ዙሪያ ድንገት የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር፣ በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ነገር፣ ወሰን ያለው ነገር፣ እንዲሁም በፈሰሰ ቁጥር እየደከመ የሚሄድ ነገር በአንድነት ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ መጠን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጽ ቀመር፣ ይጠይቃሉ።

ከዚህ በታች ያሉት የፍጆታና የፈረቃ ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቤት ልኬት ሊተካቸው ይገባል። ሥራው በኤክሴልም ሆነ በፓይተን ሊሠራ ይችላል። ከሶፍትዌሩ ምርጫ ይልቅ ዋናው ቁም ነገር ፋንክሽኑን ከነገሩ ጠባይና ከተጠየቀው ጥያቄ ተነሥቶ መምረጥ፣ ከተመረጠም በኋላ በልኬት ሳያመሳክሩ አለማመን ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑን መሥራት

ማንኛውም ፋንክሽን ከመጻፉ በፊት በሞዴሉ ውስጥ የሚለወጠው ነገር ምን እንደሆነና የትኛው ሕግ እንደሚገዛው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። በእኛ ምሳሌ የሚለወጠው በሮቶው ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ነው፤ ሕጉም ውኃ ከምንም አይፈጠርም፣ እንዲያው ደብዛውም አይጠፋም የሚለው ነው። ስለዚህ በማንኛውም አጭር ጊዜ ውስጥ የሚከተለው ይሠራል፦

የመጠን ለውጥ = (የገቢ ፍጥነት − የወጪ ፍጥነት) × የጊዜው ርዝመት

መጠኑን በሊትር፣ ጊዜውን በሰዓት ከለካን ሁለቱም ፍጥነቶች በሊትር በሰዓት መጻፍ አለባቸው። የቧንቧውን ፍሰት በሊትር በደቂቃ ለክቶ ያንኑ ቁጥር እንዳለ ማስገባት ገቢውን 60 እጥፍ ያሳንሰዋል፤ ኮምፒውተሩ ስለ አሃድ የሚያውቀው ነገር ስለሌለም አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በየዓምዱ ራስ ላይ አሃዱን መጻፍ ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ የሚወስድ ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ ጠቅላላውን ሚዛን በወረቀት ላይ ይሥሩ። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት በነፍስ ወከፍ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም የቀኑ ፍጆታ 300 ሊትር፣ የሳምንቱ 2100 ሊትር ይሆናል። ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በሰዓት 600 ሊትር እየገባ ይመጣል እንበል። በሳምንት ሊገባ የሚችለው 7200 ሊትር ነውና ከሚፈለገው በብዙ ይበልጣል፤ ጥያቄው የማጠራቀም ጥያቄ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የመስመሩ ግፊት ደክሞ በሰዓት 120 ሊትር ብቻ ቢገባ ግን የሳምንቱ ገቢ 1440 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ከ2100 ስለሚያንስ ባለ 1000 ቀርቶ ባለ 10000 ሊትር ሮቶ ቢተከልም ቤቱ ውኃ ያጥረዋል። ይህን ለማወቅ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሁኔታውን በኮምፒውተር በትንንሽ የጊዜ እርምጃ አስመስሎ ማስላት፣ አያስፈልግም። በሁለት መስመር ስሌት ሊዘጋ ለሚችል ጥያቄ በሺዎች የሚቆጠሩ ረድፎችን ማስላት በጣም የተለመደ የጊዜ ብክነት ነው።

ሰዓቱን ከማለዳ መቁጠር

የጊዜው ዜሮ የት እንደሚቀመጥ ቀላል ውሳኔ ቢመስልም ብዙ ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር የቀኑ ሰዓት የሚነሣው ከማለዳው 12 ሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ ለሞዴል ትልቅ ምቾት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፤ ስትጠልቅም እንዲሁ ናት። ስለዚህ ማለዳ 12ን ዜሮ ብለን ብንጀምር፣ ለምሳሌ ለፀሐይ ኃይል ፓምፕ የሚያስፈልገው የጠራ ቀን የፀሐይ ብርታት በቀላሉ እንዲህ ይጻፋል፦

ብርታት = ከፍተኛው ብርታት × ሳይን (ፓይ × ሰዓት ÷ 12)

በ6 ሰዓት ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ በ12 ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሳይኑ ከዜሮ በታች ስለሚገባ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን በሚመርጠው በማክስ ፋንክሽን ዜሮ ላይ ይያዛል። ከአየር ንብረት መመዝገቢያ የመጣ መረጃ ሲገባ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተመዘገበ ከሆነ 6፣ በግሪንዊች ሰዓት የተመዘገበ ከሆነ 3 ይቀነስለታል። መረጃው ከገባ በኋላ የፀሐይዋ ጫፍ ቀትር 6 ሰዓት አካባቢ ላይ መውደቁን በግራፍ ማየት በቂ ማረጋገጫ ነው።

ሳይንን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። ኤክሴልም ፓይተንም ማዕዘንን የሚቀበሉት በራዲያን ነው (180 ዲግሪ ማለት ፓይ ራዲያን ነው)። በዲግሪ አስቦ የ90ን ሳይን የጠየቀ ሰው 1 ማግኘት ሲገባው 0.894 ያገኛል፤ ይህ ቁጥር ለእውነት የቀረበ ስለሚመስል ማንንም አያስደነግጥም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። መልሱ በሚታወቅበት አንድ ነጥብ ላይ ፋንክሽኑን መሞከር የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል።

ገቢው፦ የሚከፈትና የሚዘጋ ፋንክሽን

የፈረቃ ውኃ ቀስ በቀስ አይመጣም፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ለገቢው የሚስማማው ስቴፕ ፋንክሽን ነው፤ በተወሰኑት ሰዓቶች መካከል 600፣ ከዚያ ውጭ ዜሮ። ሁለቱ ሌሊቶች ለማክሰኞ አጥቢያና ለዓርብ አጥቢያ ናቸው እንበል። ከማለዳ በተቆጠረው ሰዓት የሌሊቱ 5 ሰዓት 17 ነው፣ የሌሊቱ 11 ሰዓት ደግሞ 23 ነው። በኤክሴል ይህ በ«ኢፍ» (IF) እና በ«ኤንድ» (AND) ፋንክሽኖች ይጻፋል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

የጊዜ እርምጃውን ራሱ በሚመርጥ የእኩልታ መፍቻ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ግን ስቴፕ ፋንክሽን ሊያስቸግረው እንደሚችል ይወቅ። ፕሮግራሙ በለሰለሰ ኩርባ ላይ እየተራመደ መስሎት ረጅም እርምጃ ሲወስድ የስድስት ሰዓቱን ገቢ ሙሉ በሙሉ ሊዘለው ይችላል። መፍትሔው ስሌቱን በመክፈቻውና በመዝጊያው ሰዓት ላይ ቆርጦ በክፍል በክፍል ማስላት፣ አለዚያም ከፍተኛውን እርምጃ መገደብ ነው። የስቴፑን ጠርዝ በኤክስፖኔንሻል ቀመር ማለስለስም ይቻላል፤ እኔ ግን መቆራረጡን እመርጣለሁ፤ የተለሰለሰው ጠርዝ በቧንቧው ውስጥ የሌለ ጠባይ ይጨምራልና።

ፍጆታው፦ ሁለት ደወሎች

ሰው ውኃን በእኩል መጠን ቀኑን ሙሉ አይጠቀምም። ጠዋት ፊት መታጠቡ፣ ቁርሱና ልጆችን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀቱ አለ፤ ማታ ደግሞ ምግብ ማብሰሉና ዕቃ ማጠቡ ይመጣል። ይህን ጠባይ በጥሩ ሁኔታ የሚገልጸው የደወል ቅርጽ ያለው ፋንክሽን ነው፦

ደወል = ቁመት × ኤክስፖኔንሻል (የ((ሰዓት − ጫፍ) ÷ ስፋት) ስኩዌር፣ በኔጌቲቭ ምልክት)

ለምሳሌያችን ሁልጊዜ የሚኖር በሰዓት 4 ሊትር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጫፉ የሚደርስ ቁመቱ 40 ስፋቱ 1.5 የሆነ ደወል፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በ13፣ ጫፉ የሚደርስ ቁመቱ 35 ስፋቱ 1.6 የሆነ ደወል እንውሰድ። የአንድ ደወል ጠቅላላ ስፋተ ቦታ ቁመት × ስፋት × የፓይ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ጠዋት 106፣ ማታ 99፣ መሠረቱ 96፣ በድምሩ 301 ሊትር ገደማ እናገኛለን። ቁመቱና ስፋቱ የተመረጡት ድምሩ ከ300 ሊትሩ ጋር እንዲገጥም ነው። ቅርጹ ምንም ያማረ ቢሆን ድምሩ ከሚዛኑ ጋር ካልገጠመ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ጠዋቱ ደወል ከ12 ሰዓት በፊት የሚጀምር መሆኑ ነው። ጫፉ በ1 ሰዓት ላይ ስለሆነ የግራ ጎኑ ወደ ባለፈው ሌሊት ይዘልቃል፤ ሰዓቱን ከ0 እስከ 24 ብቻ ቆጥረን ብንተወው ያ ጎን ይቆረጥና በየቀኑ ወደ 18 ሊትር የሚጠጋ ፍጆታ ከሞዴሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰዓት በ1 ብቻ ሳይሆን በ25 ላይም ጫፍ ያለው ያው ደወል መደመር አለበት።

ሁለተኛው የኤክሴል ጠባይ ነው። ኤክሴል ከቁጥር ፊት የተጻፈን የመቀነስ ምልክት ከስኩዌሩ አስቀድሞ ያሰላዋል፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ 3 ስኩዌር ተብሎ ቢጻፍለት መልሱ ፖዘቲቭ 9 ይሆናል፤ ፓይተን ግን ያንኑ ጽሑፍ ኔጌቲቭ 9 ይለዋል። ለደወላችን ይህ ጥፋት ነው። ከጫፉ ሁለት ስፋት ርቆ ባለ ነጥብ ላይ ትክክለኛው ዋጋ 0.018 ሲሆን በኤክሴል ያለ ቅንፍ የተጻፈው ቀመር 54.6 ይሰጣል፤ ደወሉ ተገልብጦ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። መጀመሪያ ስኩዌሩን በቅንፍ መክተት፣ ከቅንፉ ውጭ የመቀነስ ምልክቱን ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል። ሎጋሪዝምን ለሚጠቀሙም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ «ሎግ» የሚለው ፋንክሽን በኤክሴል መሠረቱ 10 ሲሆን በፓይተን የሒሳብ ሞጁል ግን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው።

ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት ቤት ከሆነ ለዚያ ቀን ብቻ ሌላ ደወል ይጨመራል። የዝናብን ውኃ ከጣራ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ግን ለዝናቡ ደወልም ሳይንም አይፈልግ። በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ይዘንባል ማለት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል ማለት አይደለምና የየቀኑን ምዝገባ በሠንጠረዥ አስገብቶ ከዚያ ማንበብ ይሻላል። በ50 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢበዛ 50 ሊትር ነው፤ ከዚህ በላይ ፋንክሽን አያስፈልገውም።

ስኩዌር ሩት መቼ ያስፈልጋል?

የፈሳሽ ትምህርት የተማረ ሰው ሮቶ ሲባል ወዲያው የሚያስበው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ያሳተመውን ሕግ ነው፤ ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነት ከበላዩ ካለው የውኃ ከፍታ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ሕጉ ትክክል ነው። ሆኖም ለየቀኑ ፍጆታ አይደለም። ሰው ባልዲው ሲሞላ ቧንቧውን ይዘጋል፤ ግፊቱ ቢደክም ባልዲው ዘግይቶ ይሞላል እንጂ የሚቀዳው ውኃ አይቀንስም። ስለዚህ ፍጆታውን የሚወስነው የሰዎቹ ፍላጎት ነው፤ ስኩዌር ሩቱ የሚያስፈልገው ማንም የማይዘጋው ፍሰት ሲኖር፣ ማለትም ለተረሳ ቧንቧና ለሚያፈስ መገጣጠሚያ ነው።

ማፍሰስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። የ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከበላዩ 1 ሜትር ውኃ ቢኖር፣ ጠርዙ ስል ለሆነ ቀዳዳ የሚወሰደውን 0.6 የሚያህል የፍሰት ቁጥር (በእርግጥ የሚወጣው ውኃ በንድፈ ሐሳብ ሊወጣ ከሚገባው ጋር ያለው ጥምርታ) ተጠቅመን ስናሰላ በሰዓት 30 ሊትር ያወጣል። ከፍታው ሳይወርድ ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ 720 ሊትር ይሆናል፤ ከቤተሰቡ የቀን ፍጆታ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እናትየውን ሮቶ ከማስገዛት በፊት መገጣጠሚያውን ማየት የሚገባው ለዚህ ነው።

የስኩዌር ሩትን ጠባይ ቀረብ ብለን እንየው። የሮቶው ውስጣዊ ስፋት 1.2 ሜትር፣ የውኃው ከፍታ 1.77 ሜትር ከሆነ ወደ 2000 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ የ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢከፈት መጀመሪያ በሰከንድ 1.1 ሊትር ገደማ ይወጣል። ይህ ፍጥነት እስከ መጨረሻው የሚቆይ መስሎት 2000ን ለ1.1 ያካፈለ ሰው በ30 ደቂቃ ይደርቃል ይላል። በስኩዌር ሩቱ ሲሰላ ግን የሚወስደው እጥፉን፣ 60 ደቂቃ ነው። ግማሹ ውኃ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሲወጣ የቀረው ግማሽ ሌላ 42 ደቂቃ ይፈጃል። የምድር ስበት እዚህ በሴኮንድ ስኩዌር 9.78 ሜትር አካባቢ መሆኑና በመጻሕፍት የሚገኘው 9.81 መሆኑ በዚህ ስሌት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከግማሽ በመቶ በታች ነው፤ በእርሱ መጨነቅ አያስፈልግም።

ይኸው ሮቶ በ3 ሜትር የብረት ማማ ላይ ተሰቅሎ ቧንቧው ታች መሬት ላይ ቢከፈትስ? አሁን በቧንቧው ላይ ያለው ከፍታ ሲሞላ 4.77፣ ሊያልቅ ሲል 3 ሜትር ነው። የሁለቱ ስኩዌር ሩት ልዩነት 26 በመቶ ብቻ ስለሆነ ፍሰቱን በቀጥታ መስመር፣ ለብዙ ጉዳይም በቋሚ ቁጥር መተካት ይቻላል። አንድ ፋንክሽን ሊቀል ይችላል ወይስ አይችልም የሚባለው በሚሠራበት ክልል ውስጥ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ታይቶ ነው።

የፍሰቱን ቁጥር ከመጽሐፍ ከመውሰድ መለካት ይመረጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ሮቶው ሙሉ ሳለ፣ ሲጋመስና ሊያልቅ ሲል ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይመዝግቡ፤ የእያንዳንዱን ፍሰት ስኩዌር በአንድ ዘንግ፣ የውኃውን ከፍታ በሌላው ዘንግ አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡ። ስኩዌር ሩቱ ልክ ከሆነ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ፤ የመስመሩ ተዳፋት የፍሰቱን ቁጥር፣ ዘንጉን የሚቆርጥበት ነጥብ ደግሞ የማማውን ከፍታ ይነግሩናል። መስመሩ ከጎበጠ የቧንቧው ውስጣዊ ሰበቃ በሌላ ሕግ እየሠራ ነው ማለት ነውና ፋንክሽኑ ይለወጣል።

ፓምፕ ለሚጨምሩም አንድ የአካባቢያችን ነገር አለ። የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር የሚቀንሰው በኤክስፖኔንሻል ፋንክሽን ሲሆን በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ2350 ሜትር ላይ፣ 76 አካባቢ ይሆናል። በመሆኑም ከጉድጓድ ውኃ በመሳብ ብቻ የሚያወጣ ፓምፕ በባሕር ዳርቻ በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ሊስብ ሲችል እዚህ 7.8 ሜትር ላይ ይገታል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሌላ አገር የተዘጋጀን ሰንጠረዥ ሳያስተካክሉ መገልበጥ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጎዳል። የፓምፑ የራሱ ኩርባ ግን ከአምራቹ ከሚመጡት ነጥቦች መካከል በማጣጣም ይነበብ፤ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ፖሊኖሚያል ማለፍ ከነጥቦቹ ክልል ውጭ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ይይዛል።

ወሰኑንና እርምጃውን ማስገባት

ሮቶ ከሙሉ በላይ አይሞላም፣ ከባዶም በታች አይወርድም። ይህ ትንሹን በሚመርጠው በሚን ፋንክሽንና በማክስ ይጻፋል። በእያንዳንዱ እርምጃ መጀመሪያ ያለው ውኃ ከገቢው ጋር ይደመራል፤ ከዚህ ውስጥ የሚቀዳው ከፍላጎቱና ካለው ውኃ አነስተኛው ነው፤ የቀረው ከሮቶው አቅም ቢበልጥ ተንሳፋፊው ቫልቭ ይዘጋልና በአቅሙ ይወሰናል። ፍላጎት ሲቀነስ የተቀዳው «የጎደለ» በሚል ዓምድ ለብቻው ይመዝገብ። እናትየው የሚፈልጉት መልስ ያለው በዚህ ዓምድ ውስጥ ነው።

በትንንሽ እርምጃ እየተራመዱ ማስላት የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1768 ያቀረበው ዘዴ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። እርምጃው 6 ደቂቃ ቢሆን ሳምንቱ 1680 ረድፍ ይወስዳል፤ ይህም ለማንኛውም ኮምፒውተር ቀላል ነው። የእርምጃው ርዝመት ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። ከላይ በ60 ደቂቃ ይደርቃል ያልነውን ሮቶ በ10 ደቂቃ እርምጃ ብናሰላው በ46 ደቂቃ ገደማ ይደርቃል፤ በ50ኛው ደቂቃ ረድፍም የውኃው ከፍታ ከዜሮ በታች ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስለሚጠየቅ ዓምዱ በስሕተት መልእክት ይሞላል። በ1 ደቂቃ እርምጃ ስሕተቱ ከ3 ደቂቃ በታች፣ በ10 ሰከንድ እርምጃ ከ1 ደቂቃ በታች ይሆናል። ደንቡ ቀላል ነው፤ እርምጃውን በግማሽ ቆርጠው እንደገና ያስሉ፣ መልሱ ለጥያቄው በሚያሳስብ መጠን ከተለወጠ እንደገና ይቁረጡ። ከስኩዌር ሩቱ ፊትም ሁልጊዜ ማክስ ይቀመጥ።

ውጤቱን ማንበብና መፈተን

ባለ 1000 ሊትሩ ሮቶ ዓርብ ንጋት ላይ ሞልቶ ይጀምራል። ቀጣዩ ውኃ ሰኞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ስለሆነ እስከዚያ ቤቱ የሚፈልገው 1179 ሊትር ገደማ ነው። ሲሙሌሽኑ ሮቶው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ እንደሚደርቅ ያሳያል፤ ቤቱም ለ15 ሰዓት ያህል ውኃ ያጣል። ፍጆታውን በቀን ውስጥ በእኩል አከፋፍለን ብናሰላ ግን ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይል ነበር። ሮቶው አይበቃም የሚለው ውሳኔ በሁለቱም አንድ ነው፤ የሚደርቅበት ሰዓት ግን ከአራት ሰዓት በላይ ይለያያል። ጥያቄው የአቅም ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደወሎቹ ባላስፈለጉ ነበር። ጠዋት ልጆች ሳይታጠቡ ይቀራሉ ወይ የሚል ከሆነ ግን ያለ እነርሱ አይመለስም።

በ1000ውና በ2000ው መካከል ያለው ባለ 1500 ሊትር ሮቶ ግን ሰኞ ሌሊት ሲደርስ 320 ሊትር ገደማ ይተርፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ከማመን በፊት ሁለት ፈተናዎች ይደረጉ። አንደኛው የሞዴሉን ስሌት ይመለከታል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጠቅላላ ገቢ (ሮቶው ሞልቶ ቫልቩ ያላስገባው ሳይቆጠር) ሲቀነስ ጠቅላላ ወጪ፣ በሮቶው ውስጥ ካለው የመጀመሪያና የመጨረሻ መጠን ልዩነት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዲት ሊትር ብትጎድል አንድ ቀመር ተሳስቷል። ፍጆታውን ዜሮ አድርጎ ሮቶው ሞልቶ መቆሙን፣ ገቢውን ዜሮ አድርጎ ባዶ ላይ መቆሙን ማየትም ይገባል። ሁለተኛው ሞዴሉ ከእውነተኛው ቤት ጋር መስማማቱን ይመለከታል። ከሮቶው ሥር የተያያዘ ግልጽ ጎማ በጎኑ ወደ ላይ ቢታሰር የውኃው ከፍታ ከውጭ ይነበባል፤ ማለዳና ማታ ለአንድ ሳምንት ተነቦ ከሲሙሌሽኑ መስመር ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ይቀመጥ። ሁለቱ መስመሮች በቋሚነት እየተራራቁ ከሄዱ የቀኑ ድምር ተሳስቷል ወይም የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ሌሊት ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚወርደው መጠን ማፍሰሱን ለይቶ ያሳያል። በጠዋት ብቻ የሚለያዩ ከሆነ የደወሉ ጫፍ ወይም ስፋት ይስተካከላል። ሁሉንም ቁጥር በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሱ መስመሮቹን ማስገጠም ግን ማስተካከል አይባልም፤ የትኛው ቁጥር ለምን እንደተለወጠ ማስረዳት መቻል አለበት።

ፈረቃው ቢዘለልስ?

እስካሁን ውኃው በቀጠሮው እንደሚመጣ ገምተናል። ለዓርብ አጥቢያ ሳይመጣ ቢቀር ክፍተቱ ወደ ሰባት ቀን ይጠጋና ቤቱ 2084 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ባለ 2000 ሊትሩም ሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዩ ውኃ ሊመጣ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ይደርቃል። ይህን በስፋት ለማየት የነሲብ ቁጥር ፋንክሽን ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ የቀጠሮ ሌሊት ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ከመዝለያው ዕድል ካነሰ ገቢው ዜሮ ይሆናል። ዕድሉ የሚወሰደው ቤቱ ካስመዘገበው ነው፤ ለጥቂት ወራት በግድግዳ ካላንደር ላይ ውኃ የመጣባቸውን ሌሊቶች ማክበብ በቂ መረጃ ይሰጣል። ከዚያ ዓመቱ ደግሞ ደጋግሞ ይሰላና ለእያንዳንዱ የሮቶ አቅም በዓመት ስንት ቀን እንደሚጎድል ይቆጠራል። የነሲብ ቁጥሩ መነሻ ቋሚ እንዲሆን ማድረግ አይረሳ፤ አለዚያ ኤክሴል በተነካ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ ስለሚያሰላ ሁለት ሮቶዎችን በአንድ ዓይነት ዓመት ማወዳደር አይቻልም። በኤክሴል የወጡትን ቁጥሮች ገልብጦ እንደ ተራ ቁጥር መለጠፍ ይበቃል፤ በፓይተን መነሻው በአንድ መስመር ይወሰናል።

መዝለሉ የተለመደ ከሆነ የሮቶውን አቅም ከማሳደግ ይልቅ ሁለት አነስተኛ ሮቶዎችን ማገናኘትም በሞዴሉ ሊሞከር ይገባል፤ ለሚዛኑ ልዩነት ባይኖረውም አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ ማማውም ክብደቱን ይከፋፈላል። 2000 ሊትር ውኃ 2 ቶን መሆኑን የብረት ሠራተኛው ማማውን ከመበየዱ በፊት ማወቅ አለበት።

መልሱን ለእናትየው ሲያቀርቡ ቁጥሩን ከነመነሻው ይስጡ፦ «እማማ፣ በቀን 300 ሊትር ከተጠቀማችሁ፣ ውኃውም በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ባለ 1500 ይበቃችኋል። አንድ ሌሊት ከተዘለለ ግን ባለ 2000ውም እስከ ሰባተኛው ቀን ምሽት ነው የሚያደርሳችሁ። መጀመሪያ ግን ያ መገጣጠሚያ ይጠገን።» ስሌቱ ባለበት ፋይል ላይም የተለካውንና የተገመተውን ቁጥር በተለያየ ቀለም ለይቶ፣ የተለካበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የፈረቃው ፕሮግራም ሲለወጥ ወይም እንግዳ ለወር ሲቀመጥ የሚቀየሩት ሕዋሶች የትኞቹ እንደሆኑ ያኔ ሳይፈለጉ ይገኛሉ።